ከድልድዩ ማዶ የቀሩት

ልጅቷ ሦስተኛውን አንቀጽ ልትጀምር ስትል ቆም አለች። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፊት ደረታቸው ላይ ኒሻን የደረደሩ ጡረተኛ መኮንኖች፣ ከኋላቸው መምህራንና ወላጆች ተቀምጠዋል፤ ወንበር ያልደረሳቸው ተማሪዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ከጀርባዋ የአያቷ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። አያቷ ጄኔራሉ ካረፉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል፤ አዳራሹ ዛሬ በስማቸው ሊሰየም ነው። የመታሰቢያውን ንግግር የጻፈው አጎቷ ሲሆን፣ እንድታነበው የተመረጠችው እሷ ናት።

አንቀጹ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ከሠራዊታቸው ሁሉ በመጨረሻ ድልድዩን የተሻገሩት እሳቸው ነበሩ፤ በሕይወት ያለ አንድም ሰው ማዶ ጥለው አልመጡም።»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ በየዓመቱ አያቷን ሊጠይቁ ይመጡ የነበሩት አዋላጅ ተቀምጠዋል፤ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው እሷን እሷን ያያሉ። አጎቷ ከመድረኩ ሥር ሆኖ ቀጥዪ ለማለት አገጩን ነቀነቀ። እሷ ግን ዓረፍተ ነገሩን ዘለለችውና አራተኛውን አንቀጽ ማንበብ ጀመረች። ስትጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መዝለሏን ያወቀ ሰው ያለ አይመስልም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። የአያቷ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሕይወት ታሪካቸውን እሳቸው እየተናገሩ እሷ በኮምፒዩተር ትተይብላቸው ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ትጥልና መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ትቀመጣለች፤ እሳቸው ከትልቁ ወንበራቸው ሆነው ያወራሉ። «ጸሐፊዬ» ነበር የሚሏት። ፊደል በገደፈች ቁጥር ከሥራ እንደሚያባርሯት ያስፈራሯታል፤ ወዲያው ደግሞ ከኪሳቸው ከረሜላ ያወጡላታል። በማንኮራፋቱ ምሽግ ስላጋለጠው አለቃቸው ሲነግሯት በሳቅ ፍርስ ብላ መተየብ አቅቷት ያውቃል። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ግን ሁልጊዜ ውኃ ይጠማቸዋል፤ ካልሆነም ይደክማቸውና «በቃ፣ ለነገ» ይላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማንም ሳይጠይቃቸው «ጻፊው» ብለው ተናገሩት። ጠላት እየገሰገሰ ነበር። ከወንዙ ወዲህ ሰባት ሺህ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ አለች፤ ድልድዩ ሳይፈርስ ጠላት ከደረሰ ከተማዋ አበቃላት። ሠራዊቱ ተሻግሯል። ማዶ የቀሩት ሽፋን ሲሰጡ የቆዩ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የሚመራቸውም አንድ ወጣት የመቶ አለቃ ነው። የመቶ አለቃው በሬዲዮ ቁስለኛ መሸከማቸውን ተናገረ፤ ግማሽ ሰዓት እንዲሰጧቸው ለመነ፤ ትጠብቁናላችሁ ወይ ብሎም ጠየቀ። ጄኔራሉ መነጋገሪያውን ከኦፕሬተሩ እጅ ወስደው «እየጠበቅናችሁ ነው» አሉት። ከዚያም መነጋገሪያውን አስቀመጡና ፈንጂውን ላጠመደው መሐንዲስ በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

«ሬዲዮው አልተዘጋም ነበር» አሏት አያቷ። «ፍንዳታውን ሰምቶ ጠራኝ። ሁለት ጊዜ ጠራኝ። አልመለስኩለትም።»

ልጅቷ ፊታቸውን ሳታይ ሁሉንም ተየበችው። በማግሥቱ እንድታነብላቸው ጠየቋት። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ አጥፊው አሏት፤ እያዩዋት አጠፋችው። ጠፋ ወይ ብለው ሲጠይቋት ጠፍቷል አለች። ከኮምፒዩተሩ በእርግጥ ጠፍቶ ነበር። በሳምንቱ ሆስፒታል ገቡ፤ በእግራቸው አልተመለሱም።

የመቶ አለቃው የአዋላጇ አባት ነው። አዋላጇ በየዓመቱ ድልድዩ በፈረሰበት ቀን ቤታቸው ይመጡ ነበር። ጄኔራሉ ራሳቸው በሩን ከፍተው ይቀበሏቸዋል፤ እግራቸው እያመማቸውም እስከ ውጭው በር ይሸኟቸዋል። በመሀል ያለው ወሬ ግን አንድ ዓይነት ነው። አዋላጇ አባታቸው እንዴት እንደሞተ ይጠይቃሉ፤ ጄኔራሉም በጥዋቱ ውጊያ በአንድ ጥይት ወደቀ፣ አልተሰቃየም ይላሉ። ልጅቷ ሻይ እያቀረበች ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። ያን ቀን አያቷ እህል አይቀምሱም ነበር።

ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ጸጥታው ግን ሰው እንዳለበት ክፍል ነው። ትልቁ ወንበር ማንም ሳይነካው ቋ ይላል። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሲንሿሿ የሬዲዮ ድምፅ ይመስላትና እየሮጠች ትዘጋዋለች። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ጓደኞቿ ስትሄድ አንዷ ደውላ «ኧረ ሙድ አትያዢብን፣ ሁላችንም እየጠበቅንሽ ነው» ስትላት መንገዱ ላይ ቆመች። ራሴን አሞኛል ብላ ወደ ቤት ተመለሰች። አያቷን ትወዳቸው ነበር፤ አሁንም ትወዳቸዋለች። የከበዳትም እሱ ነው።

ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ አጎቷ በቤተ ሙከራው ኮሪደር ብቻዋን አገኛት። አልተቆጣም። ለምን እንደዘለለችው ብቻ ጠየቃት። ነገረችው። አጎቷ ጠበቃ ነው፤ ለሁሉ ነገር ቶሎ መልስ አያጣም። ያን ጊዜ ግን መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ወለወለው።

በመጨረሻ በዝግታ ተናገረ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ድልድዩ በመፍረሱ የተረፉ፣ ከተረፉትም የተወለዱ ሰዎች ነበሩ። የሒሳብ መምህሯ እንኳ የዚያች ከተማ ልጅ ናቸው። ሌላ አዛዥ ቢሆን ሌላ ነገር ያደርግ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷም አላውቅም አለች።

«አጥፊው ያለሽ ደግሞ እሱ ራሱ ነው» አላት። «ሴትዮዋ አባቷ ሳይሰቃይ መሞቱን አምና አርባ ዓመት ኖራለች። አሁን ያንን ወስደሽባት በምትኩ ምን ልትሰጫት ነው?»

አጎቷ ትከሻዋን መታ መታ አደረገና የቤተሰቡ ፎቶግራፍ ሊነሳ ስለሆነ እንዳትቆይ ነግሯት ሄደ።

ወደ አዳራሹ ስትመለስ በሩ ላይ ከአዋላጇ ጋር ተገጣጠሙ። አዋላጇ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙና አጽናኗት፤ ንባቧንም አመሰገኑ። ከዚያ ለእንግዶች የታደለውን የንግግሩን ቅጂ ከቦርሳቸው አወጡ። ሦስተኛው አንቀጽ ጋ ወረቀቱ በጥፍር ተጭሯል።

«እዚች ጋ ዘለልሽ» አሉ።

ልጅቷ የተጫረውን መስመር አየች።

«አያትሽ ስለ አባቴ ሲነግሩኝ አንድም ቀን ዓይኔን አይተው አያውቁም። እኔ አዋላጅ ነኝ ልጄ፤ ሰው ክፉ ወሬ ደብቆ ሲያወራ ይገባኛል። ግን በየዓመቱ እንዲያው እንዳፈርኩ እመለስ ነበር። እሳቸውም ሽማግሌ፣ እኔም ፈሪ።» ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ላስጨንቅሽ ብዬ አይደለም። ሂጂ፣ ይጠሩሻል።»

እውነትም እየጠሯት ነበር። ቤተሰቡ ከፎቶግራፉ ሥር ተሰልፏል፤ አጎቷ መሀል ላይ ቦታ ትቶላታል። ወደዚያ ሁለት እርምጃ ሄደች። አጎቷ ያለው ሁሉ ልክ ነው። አያቷ አጥፊው ማለታቸውም እውነት ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ማንም ሳያስገድዳቸው ጻፊው ብለው ነበር። የትኛው ቃላቸው እንደሚበልጥ የምትጠይቀው ሰው የለም። ቆመች። ፎቶ አንሺውን ያለ እሷ እንዲያነሳ ነገረችውና ወጣች።

አዋላጇን አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ደረሰችባቸው። መቀመጥ እችላለሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ፊቷን አዩና ጠጋ አሉላት። አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ሲከፍት አዋላጇ ለሹፌሩ በእጃቸው ሂድ የሚል ምልክት ሰጡት።

«ያሳምማል» አለች ልጅቷ።

«ይሁን» አሉ።

ከየት እንደምትጀምር ትንሽ አሰበች። ከዚያ አባታቸው በሬዲዮ ከተናገረው ጀመረች።