የአይክሆርስት ስም

ኤቨርት አይክሆርስት የተልባ አገዳ በሚዘፈዘፍበት ኩሬ ውስጥ በደረቱ ተንሳፍፎ ተገኘ። ማጅራቱ ላይ የጣት ምልክት በልዟል። መርማሪው ቶኒስ ሬሳውን አገላብጠው አዩና «የሰው እጅ አለበት» አሉ።

የሟች ወንድም ገርድ ቬበር ይንሰቀሰቃል። «ጌታዬ፣ ወንድሜ አይክሆርስት አይደለም! እንደ እኔ የሸማኔ ልጅ፣ ቬበር ነው። ቬበር ተብሎ አባታችን አጠገብ ካልተቀበረ ሞቼ እገኛለሁ!»

ምን ያድርግ! በእኛ በጀርመኗ ሙንስተር ገጠር ስም የሰው አይደለም፣ የእርሻው ነው። አይክሆርስት ማለት የባሉጥ ጥሻ ነው፤ እርሻው በጥሻው ተጠራ። ወራሿን ያገባ ወንድ ሁሉ ያባቱን ስም ጥሎ በእርሻው ይጠራል። ኤቨርትም ኤንግልን ሲያገባ እንዲሁ ሆነ።

ኤንግል ጠብታ እንባ የላትም። «ስምንት ዓመት፣ አንድ ልጅ እንኳ አልሰጠኝም» አለች።

«ጠዋት የት ነበሩ?» ቶኒስ ጠየቋት።

«ቅቤ ስንጥ።»

«እኔ ደግሞ በረት ነበርኩ» አለ ሎሌዋ ዮስት፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ቶኒስ አዲሱን ጎተራ ቀና ብለው አዩ። የበሩ ጉበን የለም። «ጉበኑስ?»

«አናጢው ጋ» አለች ኤንግል።

በማግስቱ ሁሉንም ጎተራው ፊት ሰበሰቡ። ጉበኑን በጋሪ አስመጥተውታል። «ጉበን ላይ የባልና የሚስት ስም ይቀረጻል። አንብበው፣ ገርድ።»

«ዮስት አይክሆርስትና ኤንግል...» ብሎ ገርድ ወደ ዮስት ዞረ።

«የፊደሎቹን ቀለም ንካው። ደርቋል አይደል? ለመድረቅ ሳምንት ይፈጃል፤ ኤቨርት የሞተው ትናንት ነው። ዮስት በዚህ ስም የሚጠራው ደግሞ ባልየው ሞቶ እሷን ሲያገባ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞቱ ከሳምንት በፊት ተቆርጧል።»

ዮስት ተንበረከከ። «እሷ ናት! ‹ድፈቀውና ጌታ ትሆናለህ› ብላኝ ነው!»

«ጎተራው ለበዓል ይድረስ ብዬ ጉበን አዘዝኩ፤ ስም ማስቀረጽ ወንጀል ነው?» አለች ኤንግል። «ማጅራቱን የያዘው የማን እጅ ነው? ድፈቀው ማለቴን የሰማ ምስክር አምጣ።»

ምስክር ከየት ይምጣ? ቶኒስ ጥርሳቸውን ነክሰው ዮስትን ብቻ ይዘው ሄዱ።

ኤንግል ወደ ገርድ ዞረች። «እርሻ ያለ ወንድ አያድርም። አንተም እስካሁን አላገባህም።»

«ወንድሜን በልተሽ፣ አንቺ አረመኔ!»

«አርባ ላም አለኝ። አንተስ? የሟች ወንድምን ሚስት ለማግባት የሚያስፈልገውን የጳጳሱን ፈቃድ እኔ አስጨርሳለሁ።»

ገርድ ላሞቹን አየ። ደግሞ አየ። አይ ሰው! ባርኔጣውን አወለቀ።

በዓመቱ፣ በኤቨርት መቃብር ላይ «አይክሆርስት» የሚል መስቀል ያቆመው ገርድ አይክሆርስት ነበር።