ቂብላው በየት በኩል ነው?

ረውዳ ጁነይድን መጀመሪያ ያየችው ዲሽ አቅፎ ነው።

ደሴ አጠገብ ገራዶ፣ የእናቱ ቤት ቆርቆሮ ላይ ተንበርክኮ፣ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ፣ ሳህኑን እንደታመመ ሰው ደግፎ ይጮሃል።

«መጣ?»

«አልመጣም!» ይላል የእናቱ ድምፅ ከውስጥ።

«አሁንስ?»

«ያው ሲግናል የለም ይላል!»

«አሁንስ እማ?»

«አሁንማ የነበረውም ጠፋ!»

ረውዳ የመሣሪያ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ አንጋጠጠች። ከጠዋት ጀምራ በየጣሪያው እንዲህ ያለ ጩኸት ስትሰማ ነው የዋለችው።

«ውረድ!» አለችው።

ቁልቁል አያት። «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?»

«ከሰኞ ገበያ ነኝ። ዲሹን ልሠራ።»

«እኔ እኮ ባለሙያ ላኩልኝ ነው ያልኩት።»

«ተላከልህ።»

ሊስቅ አለና ፊቷን አይቶ ተወው።

የአገር ውስጥ ቻናሎች ወደ ሌላ ሳተላይት የተዛወሩበት ሰሞን ነበር። ደሴና ዙሪያዋ ከቤት ይልቅ ጣሪያ ላይ የሚውለው ሰው በዝቶ ነበር። ረውዳ ኮምቦልቻ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምራ ተመርቃለች። ማስታወቂያ እያነበቡ ሥራ መጠበቅ አላስቀምጥ ሲላት ሰኞ ገበያ አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈተች። መሰላል ተሸክማ ስትዞር ሰው መጀመሪያ ሳቀባት፤ ቀጥሎ ስልክ ቁጥሯን ያዘ።

ቤት ገብታ ለጁነይድ እናት ለወይዘሮ ከይሪያ ሰላምታ ሰጠች።

«አሰላሙ ዐለይኩም እማማ። ቂብላው በየት በኩል ነው?»

የወይዘሮ ከይሪያ ፊት በራ። «ማሻ አላህ! ወዲህ ነው የኔ ልጅ፣ ወዲህ!» መስገጃቸውን አውርደው ዘረጉላት፤ ከዚያ በሩን ገርበብ አድርገው ወደ ጓሮ ወጡ።

ረውዳ አቅጣጫውን ሊያሳዩዋት የዘረጉት መሰላት። መስገጃው ወዴት እንደሚያይ ልብ አለች፣ በጎን በር ወጣችና መሰላሉን ተያያዘችው።

«ቂብላ ምን ያደርግልሻል?» አላት ጁነይድ፣ ቦታ እየለቀቀላት።

«የመካ አቅጣጫ፣ ቂብላው፣ ከዚህ ቀጥ ያለ ሰሜን ነው። ፊትህን ወደዚያ ታደርግና ወደ ቀኝ ዞረህ ትንሽ ታልፋለህ። አዲሱ ሳተላይት በዚያ ነው።»

«ስልክሽ ላይ ኮምፓስ የለም?»

«አለ። ቆርቆሮ አጠገብ ይዋሻል። የእናትህ መስገጃ አይዋሽም።»

እንዳለችው ፊቱን ወደ ሰሜን አዞረ። እሷ ብሎኑን እያላላች ነበር።

«ወደ ምሥራቅ ማዞርህስ ልክ ነበር» አለችው። «አንገቱን ግን ዝቅ እንዳለ ተውከው። ሳተላይቱ ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ ያንተ ዲሽ ጋራ ጋራውን ያያል።»

ሳህኑን ቀስ ብላ ቀና አደረገችው። አንድ ጣት ያህል ወደ ግራ፣ አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ...

«መጣ!» አሉ ከታች፣ ወደ ቤት የተመለሱት ወይዘሮ ከይሪያ። «ወላሂ መጣ! ኧረ እንዴት ጥርት ብሏል!» ቻናል አገላበጡና፣ «መካስ?» አሉ። «ሐረሙ የታለ? እኔ የማየው እሱን ነው!»

ጁነይድ ራሱን ያዘ። የመካው ቻናል በምዕራብ በኩል ባለው በድሮው ሳተላይት ላይ ቀርቷል።

«አብሽር» አለችው ረውዳ። «ሁለተኛ ዲሽ ወደ ምዕራብ እንተክላለን። ሁለቱ በአንዲት ትንሽ ስዊች ይገናኙና በአንድ ሪሲቨር ሁለቱንም ያያሉ።»

«ነገ ትመጫለሽ ማለት ነው?»

«ዲሹ ይመጣል። እኔ እተክለዋለሁ።»

በማግስቱ ወይዘሮ ከይሪያ ከሐረሙ ወደ ዜናው፣ ከዜናው ወደ ሐረሙ ሲያገላብጡ ዋሉ። ረውዳንም እስክትሄድ ድረስ መረቋት።

በሳምንቱ ጁነይድ ደወለ። «ጠፋ።»

ሄደች። ከሪሲቨሩ ጀርባ ገመዱ ተፈትቷል።

«ይኼን ማን ፈታው?»

«ንፋስ ይሆናል።»

«የገራዶ ንፋስ ቤት ገብቶ ገመድ ይፈታል?»

ጆሮው ሳይቀር ቀላ። ረውዳ ገመዱን አጠበቀችና ቦርሳዋን አነሣች።

«ስማ ጁነይድ፤ እኔን ማየት ከፈለግህ ሱቅ ና። እናትህን ከመካ አትለያቸው።»

መጣ። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ስለሚሠራ፣ ከፈረቃ ሲወጣ ታክሲ ይዞ ሽቅብ ወደ ደሴ ይመጣል። እሷ የተከፈተ ሪሲቨር ላይ አቀርቅራ ትበይዳለች፣ እሱ መብራት ይይዝላታል፤ መብራቱን ረስቶ እሷን ሲያይ ትቆጣዋለች። ጣፋጭ ቃል አታውቅበትም። ግን እሱ የሚመጣበት ሰዓት ሲደርስ መበየጃዋን አስቀምጣ መንገዱን ታይ ነበር... ይህን ለማንም አልተናገረችም።

አንድ ቀን ኮምቦልቻ ወርዳ ጁስ ቤት ተቀምጠው ሳሉ ሳቅ እያነቀው ነገራት።

«እሑድ ሽማግሌ ይላካል። እማ አንቺን ብላ ሞታለች! ለገራዶ ሰው ሁሉ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ? "ቤቴ ስትገባ ሥራ አላለች፣ ገንዘብ አላለች፤ መጀመሪያ ቂብላ ጠይቃ ሰላቷን ሰገደች" ትላለች።»

ረውዳ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ሰገደች?»

«መስገጃ ዘርግታልሽ በሩን ስትዘጋ...»

«እኔ የጠየቅኩት ለዲሹ ነው! አንተ ታውቃለህ። ነግሬሃለሁ!»

«አውቃለሁ። ታዲያ ምን ይጎዳል? መጀመሪያ አንቺን ላግባ ስላት "ጣሪያ የምትወጣ ምራት ለጠላቴም!" ብላኝ ነበር። መስገድሽን ስታስታውስ ልቧ ተመለሰ። ኒካሑ ይታሰርና ቀስ ብለን...»

«ቀስ ብለን ምን? እድሜ ልኬን ያቺን ሌላ ሴት መስዬ ልኑር?»

«ረውዳ፣ ለኛ ብዬ ነው!»

«እናትህ የወደዱት እኔን አይደለም። አንተ ደግሞ በእኔ አፍረሃል» አለችና ተነሣች።

ከኋላዋ ጠራት። አልዞረችም። ታክሲው ሽቅብ ወደ ደሴ ሲያዘግም፣ እንደምትወደው በዚያ መንገድ ላይ በደንብ ገባት። ብትናገር ታጣዋለች። ዝም ብትል ግን የምታጣው ራሷን ነው። በማግስቱ ገራዶ ነበረች።

ወይዘሮ ከይሪያ በደስታ ሊስሟት ሲነሡ፣ «መጀመሪያ ይስሙኝ» አለቻቸው። እንደቆመች ሁሉንም ነገረቻቸው። ቂብላ የጠየቀችው ለዲሹ እንደሆነ፣ መስገጃው ላይ እንዳልቆመች፣ እንዲህ እንደመሰላቸው የሰማችው ገና ትናንት መሆኑን።

ወይዘሮ ከይሪያ ተቀመጡ። «ጭራሽ አትሰግጂም?»

«እሰግዳለሁ። የዚያን ቀን የአስርን ሰላት ቤቴ ደርሼ ነው የሰገድኩት። ባልሠራሁት ግን አልመሰገንም።»

«ጣሪያ መውጣቱንስ? ብታገቢ ትተይዋለሽ?»

«አልተውም እማማ። ተምሬዋለሁ፣ እችልበታለሁ። የገራዶን ግማሽ ቴሌቪዥን የመለስኩት እኔ ነኝ።»

«ጁነይድ ያውቅ ነበር?»

ረውዳ ዝም አለች። ዝምታዋ ለእናት በቂ ነበር።

«በይ ሂጂ» አሉ ወይዘሮ ከይሪያ ፊታቸውን አዙረው። «ሽማግሌው ቀርቷል።»

ወጣች። አላለቀሰችም። ከዚያ ቀጥላ የሰው ጣሪያ ላይ ወጥታ የማሰሪያውን ብሎን ስታጠብቅ ግን አንዱን እስኪሰበር አጠበቀችው።

ሐሙስ ጁነይድ ሱቋ በር ላይ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አልገባም» አለ። «አንድ ነገር ልበልና ልሂድ። አላፈርኩብሽም። ፈሪ ነበርኩ፤ ለእማ ሁሉንም ነገርኳት። የፈታሁትን ገመድ ጭምር።»

«እሳቸውስ?»

«ጫማ ወረወረችብኝ። ሳተችኝ።»

ረውዳ ሳቋን ዋጠች።

«"ከሷ ሌላ አላገባም፣ ከጣሪያም ውረጂ አልላትም" አልኳት። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። ቢሆንም ካሁን በኋላ አንቺን ለማንም ሌላ ሰው አድርጌ አላወራም።»

ይህን ብሎ ሄደ። ረውዳ የያዘችውን ሪሲቨር ክዳን የት እንዳስቀመጠችው ጠፍቷት ቆየች።

እሑድ ጠዋት የአባቷ የአቶ በሺር ደጅ ተንኳኳ። ነጭ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። እንደ ወጉ እሺ ሳንባል አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ረውዳ ጓዳ ሆና ከመጋረጃው ጀርባ ትሰማለች።

ሼህ እንድሪስ የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጅዎን ረውዳን ለልጃችን ለጁነይድ ብለን መጥተናል። እኔ እንደለመድኩት "ከቤት የማትወጣ፣ ድምጿ የማይሰማ" ልል ነበር። የልጁ እናት ግን እንዳትል ብላ አስምላኛለች። የሷን ቃል ላድርስ።»

ረውዳ ወደ መጋረጃው ተጠጋች።

«"ልጅቷ ዝም ብትል ልጄ የሷ ነበር" ትላለች ከይሪያ። "እሱን እንደምታጣው እያወቀች ደጄ ድረስ መጥታ እውነቱን ነገረችኝ። የወለድኩት ልጅ የደበቀኝን እሷ ነገረችኝ። ስለዚህ ጣሪያ የምትወጣዋን፣ ኢንጂነሯን ጠይቁልኝ። ሥራዋን ማንም አይነካባትም። በሌላ ዓይነት አሳምራችሁ የለመናችሁልኝ እንደሆነ ቤቴ እንዳትመለሱ" ብላለች።»

አቶ በሺር ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ ጓዳ ገቡ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«የኔን ልጅ እንዲህ ብሎ ለመጠየቅ የመጣ ሰው አላህ ይውደደው» አሉ፤ ደረታቸው ተነፍቷል። «እንግዲህ እንደ ወጉ ቀጠሮ ልስጣቸውና ሌላ ቀን ይመለሱ?»

«ለምን?»

«ወጉ ነዋ! የሴት አባት ትንሽ ያስለምናል።»

«አባባ፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እግራቸው ያልቃል። ይቀመጡ በላቸው!»

አባቷ እየሳቁ ወጡ። ወንበሮቹ ሲንኳኩ ሰማች፤ ምርቃቱም ተከተለ። ስልኳን አውጥታ ደወለች። ገና ከመጥራቱ ተነሣ።

«ረውዳ? ምን አሉ?... ንገሪኛ!»

«ተቀምጠዋል» አለችው።

ሌላም ልትጨምር ነበር። ግን ከወዲያኛው ጫፍ የጁነይድ የደስታ ጩኸት ሰሚ ስላሳጣት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ታግሣ ጠበቀችው።