ስም የምትጠይቀው ጋለሞታ

ጋሽ ዘውገ ከጠዋት እስከ ምሳ ሠላሳ ስምንት ወታደር ሲሞት አዳመጡ። ሥራቸው ነው። ደብረ ብርሃን ባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ቤተ ሙከራ ማዳመጫ ደፍተው ይቀመጡና፣ በጥንታዊት ጎንደር ጨዋታ ውስጥ የሚወድቀው ሁሉ ጣሩ የሰው ጣር መምሰሉን ያጣራሉ። በጨዋታው ውስጥ ያሉት ገጸ ባሕርያት «ሰሚ ልብ» አላቸው፤ ከሰማው እየተማረ በራሱ የሚናገር ሰው ሠራሽ አእምሮ ነው።

የተበላሸችው ብርቄ ናት። በሦስተኛው ምዕራፍ ብቻ ብቅ የምትል የጠጅ ቤት ጋለሞታ። ከቀሚሷ ሥር ጩቤ መዝዛ ሁለት ዘበኛ ትጥላለች፣ ከዚያ ተጫዋቹ ይጥላታል። በቃ። ሰሞኑን ግን ጩቤዋን እንዳነሣች ቀጥ ትላለች።

«የክርስትና ስምህ ማን ነው?»

ዘበኛው ስም አልተሰጠውም። መልሱን ስትጠብቅ ይገድላታል።

«ጋሽ ዘውገ፣ ይቺ ሴትዮ ለይቶላታል» አለች የክፍሉ ኃላፊ ሜላት። «መነኩሲት ነው እንዴ የሠራነው? ምንጩን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካላገኙልኝ አጠፋታለሁ።»

«ታገሺኝ እስቲ፣ ልጄ።»

ብርቄ የሰማችውን ሁሉ ከመዝገቡ እያወጡ ወደ ኋላ አደመጡ። ከጎራዴው ፍጭት መሀል አንድ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። «እግዜር ነፍስህን ይማረው። በስምህ እንድጸልይልህ፣ የክርስትና ስምህ ማን ነው?»

የራሳቸው ድምፅ ነበር። ሰው በወደቀ ቁጥር ከአፋቸው የምታመልጥ ነገር። የማዳመጫው ማይክሮፎን ለካ ክፍት ኖሯል።

«እኔ ነኝ ያበላሸኋት» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ሜላት አልሳቀችም። «ምን ዋጋ አለው፣ ጋሼ? የተማረችውን ከእሷ ለይቶ ማውጣት አይቻልም።» ጣቷን ወደ ማጥፊያው ቁልፍ ሰደደች።

«አንዴ ላነጋግራት» አሉና ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አሉ። «ብርቄ!»

ብርቄ በስክሪኑ ላይ ዞረች፤ ጩቤዋም ተነሣ። «የክርስትና ስምህ ማን ነው?»

«ወልደ ሐና።»

ሜላት ቀና ብላ አየቻቸው። አምስት ዓመት አብራቸው ስትሠራ ይህን ስም ሰምታ አታውቅም።

ብርቄም መልስ ሲሰጣት የመጀመሪያዋ ነው። ጩቤውን ቀስ ብላ ወደ አፎቱ መለሰችው። ከዚያ ለመግደል ብቻ በተሠራው በዚያ ፊቷ ሽቅብ አየቻቸው።

«የእኔስ?»

ጋሽ ዘውገ ወደ ሜላት ዞሩ። የሜላት ጣት ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ።

«የክርስትና ስም አላወጣንላትም እኮ» አለች በመጨረሻ።

ዘጠኝ ሰዓት ቁልፉ ሳይጫን አለፈ።