የመልስ ጭነት

ባዶ የጭነት መኪና ትጮኻለች። ጭነት ሲኖራት አንገቷን ደፍታ የምትሄድ መኪና፣ ባዶዋን ስትሆን ሰንሰለቷ፣ የኋላ ሳንቃዋ፣ የማይዘጋው በሯ ሳይቀር እየተንኳኳ መንደሩን ትበጠብጣለች። ባለመኪናዋ ይህን ድምፅ አጥብቃ ትጠላው ነበር። አባቷ ሲሞት ታላቅ ወንድሟ ቤቱን፣ እሷ መኪናዋን ወሰዱ። ዘመድ ሁሉ ሸጣ ሱቅ ትከፍታለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ መንጃ ፈቃዷን አሳድጋ ጋቢና ላይ ወጥታ ቁጭ አለች። የተናገሩትን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ነገሩ መንዳቱ ላይ አልነበረም። መንዳቱንማ ታውቅበታለች። ችግሩ ጭነቱ ነው። በከተማዋ ጭነት የሚያከፋፍለው ደላላ ደህና ዋጋ ያለውን ለወዳጆቹ ይሰጥና ለእሷ ከናፍጣው የማይተርፍ ሲሚንቶ ይወረውርላታል። ለምን እንደሆነም የማያውቅ የለም፤ መኪናዋን በርካሽ ሊገዛት ቋምጧል። ጎማዎቹ አልቀዋል። ዓመታዊ ምርመራው ሳይደርስ ካልቀየረቻቸው መኪናዋ ከመንገድ ትወጣለች፣ ያኔ ደላላው ባለው ዋጋ መሸጥ ግድ ይሆንባታል። እሱ የሚጠብቀው ያንን ቀን ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ሲሚንቶውን ሩቅ ከተማ አራገፈች። አብረዋት የመጡት ሾፌሮች ባዶ መኪናቸውን እያንኳኩ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እሷ ግን የፋብሪካዎቹን መንገድ ያዘችና በር ለበር መጠየቅ ጀመረች። ሳሙና ፋብሪካው «እኛ የምንሠራው ከደላላ ጋር ነው» አላት። የቆርቆሮ ፋብሪካው ዘበኛ እስኪያስለው ሳቀባት። የመጨረሻው በር የመስታወት ፋብሪካ ነበር።

ዕቃ የሚያስወጣው ሰው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። የመስታወት ፋብሪካ ሆኖ የክፍሉ መስኮት የተሰነጠቀ ነው። ሰውየው በስንጥቁ አሻግሮ መኪናዋን፣ በተለይም የታጠፈውን ሸራ እያየ ነበር።

«ያንን ገመድ ማን አሰረው?» አላት፣ ገና ሰላም ሳይላት።

«እኔ። ምን ሆነ?»

«ምንም። እዚህ የሚመጡት ሁሉ እንደ ጫማ ክር ነው የሚቋጥሩት።»

«አባቴ ፊት እንደዚያ የቋጠረ ሰው እራት አይበላም ነበር» አለች። ከዚያም ወሬውን ሳታራዝም፣ «መስታወት መጫን እፈልጋለሁ» አለችው። ከሁሉም ጭነት ደህና የሚከፈልበት መስታወት እንደሆነ ታውቃለች።

«መስታወት የሚሰጠው ለሦስት ሾፌሮች ብቻ ነው። የፋብሪካው ባለቤት ትእዛዝ ነው።»

«ጠይቅልኝ።»

ሰውየው አንገቱን አከከ። «ሌላ ነገር አለኝ። እናንተ ከተማ አዲስ ሱቅ ልንከፍት ነው። የመስኮት ክፈፍና ማጣበቂያ በሣጥን በሣጥን ይሄዳል፣ በየሐሙሱ። ዋጋው መጥፎ አይደለም።»

ዋጋው የደላላው እጥፍ ነበር። ፊቷ እንዳያሳብቅባት መሬት መሬት እያየች ተስማማች።

ሸራ መወጠር የእሱ ሥራ አልነበረም። የእሱ ሥራ ወረቀት መፈረምና በር ማስከፈት ነው። ሐሙስ ሲመጣ ግን ከክፍሉ ወጥቶ ከመኪናዋ ማዶ ይቆምና ገመድ ይቀበላታል። ጣቶቹ ላይ መስታወት የተወው ጠባሳ አለ። ገመዱን ስትወረውርለት ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ገመድ አይተው እንደማያውቁ ሰዎች ገመዱ ላይ ያፈጣሉ።

«ዛሬ ዘገየሽ» ይላታል።

«ሰዓት ትቆጥራለህ እንዴ?»

«እኔ? ዘበኛው ነው የሚቆጥረው።»

«በእኔ አታሳብብ» ይላል ዘበኛው ከበሩ።

እሷም የሐሙስ ዋዜማ ጋቢናዋን ማጠብ አመል አደረገችው። ለማን ብለው ቢጠይቋት «ለአቧራው» ባለች ነበር። አንድ ሐሙስ ስትደርስ የተሰነጠቀው መስኮት ተቀይሮ አገኘችው። ምንም አልተናገረችም፣ እሱም አላነሳውም። ያን ቀን ግን ሸራውን ወጥረው ከጨረሱ በኋላ ሁለቱም ለመለያየት ሰበብ አጥተው ጎማውን ተደግፈው ቆሙ።

ወንድሟ በስልክ «ደላላው ዛሬም ስለ መኪናዋ ጠየቀኝ» ሲላት በኩራት መለሰችለት። «ጋሼ፣ ጭነቴን ራሴ አገኛለሁ በለው። የማንንም ደጅ አልጠናም። ትንሽ ልሥራና ጎማዎቹን እቀይራቸዋለሁ።»

ከፋብሪካዎቹ ከተማ መውጫ ላይ ረጅም አቀበት አለ። አባቷ ጎኑ አስቀምጦ ያስተማራት አቀበት ነው። የተጫነች መኪና ትልቁ ጠመዝማዛ ላይ ስትደርስ ታቃስትና ሁለተኛ ማርሽ ትለምናለች። በቀጣዩ ሐሙስ ግን አልለመነችም። በሦስተኛ ማርሽ ሽቅብ ወጣች። ባለመኪናዋ መጀመሪያ ደስ አላት። ቀጥሎ ግን የተጫነች መኪና እንዲህ እንደማትወጣ ገባት።

መኪናዋን ዳር አስይዛ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ከትታ ሸራውን ገለጠች። ከላይ ያለውን ሣጥን ሳብ ብታደርገው በአንድ እጅ ተነሳላት። ከፈተችው። ጭድ ብቻ ነው። ሁለተኛውም ጭድ፣ ሦስተኛውም ጭድ። በዚያን ጊዜ ነው ጠዋት ሲከፍላት ገንዘቡን ያወጣው ከመሳቢያው ሳይሆን ከገዛ ኪሱ እንደነበር ትዝ ያላት።

ደሟ ፈላ። መዞሪያ እስክታገኝ ሽቅብ ነዳችና ፊቷን አዙራ ቁልቁል ተመለሰች።

«ምን ነበር የጫንክብኝ?» አለችው በሩ ላይ ቆማ።

ሰውየው ብድግ አለ። ሊዋሽ አልሞከረም። «ክፈፉ ባለፈው ሳምንት አለቀ።»

«እና ጭድ ሸክፈህ ላክኸኝ?»

«ለሱቁ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። ሣጥኖቹን መደርደሪያ እናደርጋቸዋለን ብለዋል።»

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ትፈነዳ ነበር። «እኔ የጠየቅሁህ ሥራ ነው። ምጽዋት ብፈልግማ ለዚህ ሁሉ ናፍጣ አላቃጥልም፤ ሰፈሬ ቁጭ ብዬ እጄን እዘረጋ ነበር።»

«ምጽዋት አይደለም» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ጭነት የለም ካልኩሽ አትመጪም። ካልመጣሽ ደግሞ ሐሙስ ለእኔ ምን ይሆነኛል? ሐሙስን ነው የገዛሁት።»

ባለመኪናዋ ልቧ ሊከዳት እንደሆነ ስለተሰማት ይበልጥ ተቆጣች።

«መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ምን ነበር የጠየቅሁህ?»

«መስታወት።»

«ባለቤቱን ጠይቀህልኛል?»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ጀመረ።

«አንድ ቀን እንኳ?»

«ከተሰበረብሽ ብዬ...»

«አትዋሸኝ። ገመዴን አይተሃል።»

አዲሱን መስኮት ትክ ብሎ ሲያይ ቆየ። «ፈርቼ ነው» አለ በመጨረሻ። «ቢያባርረኝስ ብዬ።»

«ከደሞዝህ ቆርሰህ ለእኔ መስጠት አልፈራህም። ስለ እኔ አንድ ቃል መተንፈስ ግን ፈራህ። እኔ የሚያስፈልገኝ ቃሉ ነበር።»

ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ሣጥኖቹን አንድ በአንድ አውርዳ በሩ ላይ ከመረቻቸውና ሄደች። መኪናዋ ባዶዋን እስከ ቤት ድረስ ጮኸች። አቀበቱን እንዳለፈች ባለመኪናዋ አለቀሰች። በዚህ ጩኸት ማን ይሰማኛል ብላ ድምፅ አውጥታ ነበር ያለቀሰችው።

የምትኖረው ከወንድሟ ግቢ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ስትደርስ ወንድሟ ወደ ሳሎን ጠራት። ደላላው እዚያ፣ በአባቷ ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ባዶሽን ስትገቢ ሰማን» አላት ፈገግ ብሎ። «እኛ ብቻ አይደለንም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ጎማው እንደሆነ አልቋል፣ ምርመራውም ደርሷል። ይሄ ሁሉ እልህ ለምን? ስጪኝና ተገላገይ።»

«ለአንቺ ብዬ ነው እህቴ» አለ ወንድሟ። «ከአሁን በኋላ በምን ትቀይሪያቸዋለሽ?»

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «እሺ» የምትለዋ ቃል ምላሷ ላይ መጥታ ቆመች። በዚህ መሀል ስልኳ ጠራ። የሐሙሱ ሰው ነበር። አላነሳም ብላ ነበር፤ እጇ አነሳው።

«ጠየቅሁት» አላት ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ምን አለ?»

«እምቢ አለ።»

«እና ይህን ልትነግረኝ ነው የደወልከው?»

«ቆይ። ተመልሼ ገባሁ። አሁንም እምቢ አለ። እንደገና ስገባ፣ 'ጫንላትና ገላግለኝ' አለኝ። ግን አብሬ መምጣት አለብኝ። አንድ መስታወት ቢሰበር ወደ ሥራ እንዳልመለስ ብሏል። እሺ ብያለሁ።»

ባለመኪናዋ ደላላው ጆሮውን እንዳቆመ ታያለች። «ዋጋው?»

«ሦስቱ ሾፌሮች የሚከፈላቸው።»

«ከዚያ በታች አልጭንም።»

«አውቃለሁ። ከዚያ በታች አልጠየቅሁልሽም።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ደላላው ዞረች። «መኪናዋ አትሸጥም። ሐሙስ ሥራ አለባት። እርስዎም የተቀመጡት አባቴ ወንበር ላይ ነው፤ ይነሱልኝ።»

ወንድሟ ሊቆጣት አፉን ከፈተ፣ መልሶም ገጠመው። ደላላው ተነሳ።

መስታወት ተጋድሞ አይጫንም። እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በእንጨት ተደግፎ፣ መሀሉ በጨርቅ ተሞልቶ ነው የሚሄደው። ሐሙስ ዕለት ዘበኛው ሳይቀር ሥራውን ትቶ ሲጫን ቆሞ አየ። የሐሙሱ ሰው በአንድ ወገን፣ እሷ በሌላው ወገን ሆነው ገመዱን አጠበቁት። ስለ ጭዱ ማንም አላነሳም።

ጋቢና ውስጥ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ፣ ፈተና እንደሚጠብቅ ተማሪ ተቀመጠ። ባለመኪናዋ ጉድጓዱን ሁሉ ታውቀዋለች፤ ገና ሳይደርሱበት ታበርዳለች፣ ቀስ ብላ ትገባለች፣ ቀስ ብላ ትወጣለች። አቀበቱ ላይ ሲደርሱ መኪናዋ አቃሰተች። ሁለተኛ ማርሽ አስገባችላት።

«ሰማህ?» አለችው።

«ምኑን?»

«ድምፁን። ጭነት ማለት ይኼ ነው።»

መኪናዋ ወደ ትልቁ ጠመዝማዛ ገባች። በስተቀኝ በኩል ያለው ገደል ቁልቁል ሲታይ ያዞራል። የሐሙሱ ሰው በዚያች ሰዓት፣ ሌላ ሰዓት የጠፋ ይመስል፣ «እወድሻለሁ» አለ።

«አሁን አታናግረኝ። ጠመዝማዛ ላይ ነኝ።»

አፉን ዘጋ። ከኋላቸው መስታወቶቹ አንዴ ሲር ብለው ጸጥ አሉ። እሷ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ አድርጋ አዞረች፣ አዞረች፣ መንገዱም ተቃና። ያኔ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣

«አሁን ድገመው» አለችው።

ደገመው።

«እኔም» አለች። «ስለ ጭዱ ግን ገና ይቅር አላልኩህም።»

«እስከ መቼ?»

«አቤት፣ አትቸኩል። አቀበቱ ገና አላለቀም።»

አዲሱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ወንድሟ ቆሞ ሲጠብቅ አገኙት። ማን እንደነገረው እንጃ። መስታወቶቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ ከእያንዳንዱ ጋር ትንፋሹን ይይዝ ነበር። የመጨረሻው ያለ አንዳች ጭረት ሲወርድ ወደ እህቱ ቀርቦ፣ «አባባ ቢያይሽ» ብቻ አላት። በማግስቱ ጎማዎቹ ሲቀየሩ ማንም ሳይጠራው መጥቶ ክሪክ ያዘላት።

ወደ መስታወት ፋብሪካው መመለሻው ግን ገና ነበር። የሐሙሱ ሰው ያን ዕለት ሥራ መግባት አለበት። ደላላው ደግሞ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ከሲሚንቶውም ያነሰ ዋጋ ያለው ጭነት አለ ብሎ መልእክት ላከ።

«አውቶቡስ አለልህ» አለችው ባለመኪናዋ። «አልቀየምህም።»

«አንቺስ?»

«እኔ በር ለበር እጠይቃለሁ። ባዶዬንም በርካሽም ከዚህ ከተማ አልወጣም።»

የሐሙሱ ሰው ስልኩን አውጥቶ ለፋብሪካው ባለቤት ደወለ። «መስታወትዎ በሙሉ በሰላም ገብቷል። እኔ ግን ዛሬ አልገባም» አለና መልሱን ሳይጠብቅ ዘጋው። ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው።

«ቢያባርርህስ?»

«ያባርረኛ» አለ። «ነይ፣ የትኛው በር ይሻላል?»

ብዙ በር አንኳኩ። የዘይቱ ፋብሪካ የለም አለ፣ የካርቶኑ ነገ ተመለሱ አለ። ቀለም ፋብሪካው በር ላይ ሲደርሱ እሱ ከጋቢናው ዘሎ ወረደና እሷን ሳይጠብቅ በሩን ደበደበ። ድሮ አንድ ቃል መናገር የሚፈራው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የሚጫን ዕቃ አላችሁ?» ሲል ሰማችው። አንጀቷ ራሰ።

ዘበኛው በመስኮት ብቅ ብሎ አዲሶቹን ጎማዎች፣ ሸራውን፣ ገመዱን ቃኘ። «መኪናዋ የማን ናት?»

«የእሷ ናት።»

«አንተስ? ረዳቷ ነህ?»

ሰውየው የሚለው ጠፍቶት ወደ ጋቢናው ቀና አለ። ባለመኪናዋ ክንዷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ትመለከተው ነበር።

«እሱም የኔ ነው» አለች። «በሩን ክፈትልን።»