የጎበጠው ብረት

«ትልቁስ?» አለ መካኒኩ አንዳርጌ፣ ከመኪናዋ ሥር እንደተጋደመ። «ከሁሉ የሚረዝመው ባሌስትራ የታለ? ጆንያው ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ብቻ ናቸው።»

ከአባቷ ጎን የቆመችው ብርቄ ክው አለች።

መኪናዋ ከአገር የወጣ ፈረንጅ አስተማሪ ለአባቷ ለአቶ አያሌው የሸጠላቸው አሮጌ መኪና ናት። ውስጧ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና መጋረጃ ስላላት የመካነ ኢየሱስ ከተማ ሰው «ባለአልጋዋ» ይላታል። መኪና ናት ወይስ ቤት የሚለው ክርክር በየጠላ ቤቱ እስካሁን አልተቋጨም። ዛሬ ግን የሚያሾፍ ሰው አልነበረም። ክብደቷን የሚሸከሙት ብረቶች፣ የኋላ ባሌስትራዎቿ፣ አልቀው ወገቧ ወድቋል፤ የብርቄ ታላቅ እህት ካሣነሽ ደግሞ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ባሏ ለንግድ ስማዳ እንደወረደ አልተመለሰም። አዋላጇ ጠዋት እጃቸውን ታጥበው «ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ደብረ ታቦር ሆስፒታል አድርሷት» ብለዋል። አውቶቡሱ የሚመጣው ከነገ ወዲያ ነው። በቃሬዛ ቢሸከሟት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፤ ካሣነሽ ያን ያህል የምትቆይ አትመስልም።

አቶ አያሌው ጆንያውን ገልብጠው አራገፉት። ሌላ ብረት አልወጣም።

«ከጎንደር ያመጣኸው አንተ ነህ» አሉ ፊታቸው ጠቁሮ። «የሚሸጠውን ሸጠህ ትራፊውን ነው ያመጣህልኝ!»

አንዳርጌ ከመኪናዋ ሥር ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠራረገና የብሎን መፍቻ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። «ሌባ ከተባልሁ እጄን አላስገባም፣ አቶ አያሌው። ሌላ መካኒክ ይፈልጉ።»

ሌላ መካኒክ በእስቴ ምድር አልነበረም።

ብረቱ የት እንደገባ የምታውቀው ብርቄ ብቻ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት የክፍል ጓደኛዋ አመለወርቅ ስታለቅስ አገኘቻት። ዘር ሊዘራ ሲል የአባቷ ማረሻ ተሰብሮ፣ ቀጥቃጩ «ብረት አምጡና ልሥራላችሁ» ብሏቸዋል። ብርቄ ጓዳ ገብታ ጆንያውን ፈታች። ያሉት ብረቶች ሁሉ እንደ ደጋን የጎበጡ ናቸው። መኪናዋ ሥር ስታይ ግን ያሉት ቀጥ ያሉ ነበሩ። የጎበጠው ተበላሽቶ የወለቀ ነው ብላ ረጅሙን መርጣ ሰጠች። ደግ ሥራ የሠራች መስሏት ያን ቀን በደስታ ነው ያደረችው። ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን የሰማችው ዛሬ ጠዋት ነው፤ አንዳርጌ ሥራ ሲጀምር «አዲስ ባሌስትራ ይጎብጣል፣ ሲደክመው ነው ቀጥ የሚለው» ሲል።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። አንዳርጌ የአጥሩ በር ላይ ደረሰ። ከቤት ውስጥ ካሣነሽ ጮኸች፤ ጩኸቱ ከጠዋቱ ይልቅ ደክሟል። ብርቄን ያስፈራት መድከሙ ነበር።

«እኔ ነኝ!» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «ጋሼ አንዳርጌ፣ አይሂዱ! እኔ ነኝ ለአመለወርቅ አባት የሰጠሁት። የተበላሸ ብረት መስሎኝ ነው፣ አባባ!»

አባቷ እጃቸውን አነሱ። ብርቄ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ዓይኗን ስትገልጥ እጃቸው ወርዶ፣ ትክ ብለው ያዩዋታል። ቢመቷት በስንት ጣዕሙ!

«ሮጬ ላምጣው?»

«ምኑን ታመጪዋለሽ?» አለ አንዳርጌ። «ይኸን ጊዜ ማረሻ ሆኖ መሬት እየገለበጠ ነው።» ወደ በሩ ዞረ፤ ቆመ፤ ጩኸቱን ሰማ። ከዚያ ቁልፎቹን መልሶ መሬት ላይ ዘረገፋቸው። «ስለ እሷ ብዬ ነው እንጂ ስለ እርስዎ አይደለም፣ አቶ አያሌው። ጠፍር አለ?»

ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፎ መኪናዋን በክሪክ አነሳት። የተሰነጠቀውን አሮጌ ረጅም ባሌስትራ ከላይ አድርጎ፣ አዲሶቹን ትንንሾች ከሥሩ ደረደረ። ስንጥቁን በጠፍር ጠፈረው፣ በወይራ ሽብልቅ አጠበቀው። ብርቄ ብሎን አቀበለች፣ ቁልፍ ያዘች፤ እጇ ተልጦ ሲደማ አላስተዋለችም። ፈጣሪዋን አንድ ነገር ብቻ ትለምን ነበር፤ እህቷን እንዳይወስድባት።

ቀትር ላይ ካሣነሽን አልጋው ላይ አስተኟት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ብርቄ አብራት ስትገባ እጇን ጨመቀቻት።

«ብርቄዋ፣ ከጎኔ እንዳትለዪ።»

«ሦስት ሰው ብቻ» አለ አንዳርጌ በሩን ይዞ። «አንድ ትልቅ ድንጋይ ከመታች ጠፍሩ ይበጠሳል፤ ከተበጠሰ መንገድ ላይ መቅረታችሁ ነው። ጥርጊያው መንገድ እስኪጀምር እኔ ከኋላ በእግሬ እየተከተልሁ አያታለሁ። ከፊት ድንጋይ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል።»

አባቷ መሪውን ይዘዋል፤ እናቷ ወይዘሮ ውዴ የካሣነሽን ራስ ደግፈዋል። ማንም ብርቄን «ውረጂ» አላላትም። እሷ ግን የእህቷን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀችና ከእናቷ እጅ ላይ አኖረቻቸው።

«አልለይሽም» አለቻት። «ፊት ፊትሽ ነኝ።»

ወረደች። የትምህርት ቤት ቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠች። ባለአልጋዋ እያቃሰተች ተነሳች። የመጀመሪያው ድንጋይ የሰው ራስ ያህላል፤ አቅፋ በመንገዱ ዳር ወዳለው ገደል ለቀቀችው። ሁለተኛውን አንከባለለች። ጥርጊያው እስከሚጀምርበት ጥምዝምዝ ድረስ መንገዱ ድንጋይ በድንጋይ ነበር።

«ሲደክምሽ ንገሪኝ» አሉ አባቷ በመስኮት። ከተናዘዘች ጀምሮ ያናገሯት ገና አሁን ነው።

«አይደክመኝም» አለች ብርቄ፣ ዞር ሳትል፤ ወደሚቀጥለው ድንጋይ ሮጠች።