የግራ ጎማው ኳኳታ

«ይኸው! አሁንም አለ!» አለች ፀደንያ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣ።

አባቷ አባይነህ ዓይኑን ከኮብልስቶኑ ሳያነሣ «እሺ» አለ።

«እሺ ማለት ምንድን ነው? ሰማኸው?»

አባቷ ማርሽ ቀየረ።

ፒክአፑ ከፒያሳ ጀርባ ወደ ሰፈራቸው የሚያስገባውን ጠባብ መንገድ እየተንገጫገጨ ሲወርድ ከግራው የፊት ጎማ በኩል ቋ! ቋ! ይላል፤ ብረት ብረትን ሲመታ። በአዲሱ አስፋልት ላይ ጸጥ ይልና ድንጋዩ ላይ ሲደርሱ ይመለሳል። ፀደንያ ግራ ገባት። ይህን ሁሉ ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው እንዴት አይሰማውም? ወይስ እሷ ናት የሌለውን የምትሰማ?

ነገ በጠዋት አባቷ የአንድ ቤተሰብ ዕቃ ጭኖ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ታናሽ ወንድሟ ሚናስም ገቢና ተቀምጦ አብሮት ይሄዳል፤ የጣርማበርን ዋሻ አያለሁ እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲለፈልፍ ነው የሰነበተው። ከዋሻው ወዲያ ያለውን ቁልቁለት ፀደንያ ታውቀዋለች። ጎማው ተነቅሎ ብቻውን ወደ ገደሉ ሲንከባለል ታያት።

መኪናው እንደ ቆመ ወርዳ ወደ ጋራዡ ሮጠች። መካኒኩ ፊልሞን ከአንድ ሚኒባስ ሥር እግሩ ብቻ ይታያል።

«ፊልሞን፣ የኛ መኪና አሁንም ኳኳ ይላል።»

«አይደረግም!» እየተንፏቀቀ ወጣ። «ሾኩ ላልቶ ነበር፣ ጠዋት አጠበቅኩት። ከዛ ፋዘር ነድተው መጡ፤ ‹አሁንስ?› ስላቸው ‹ጠፋ› አሉኝ። አለቀ!»

«አንተ ራስህ አልሰማህም?»

ፊልሞን በዘይት በጠቆረ ጣቱ አንገቱን አሸ። «የሆነች ነገርማ ሰምቻለሁ። ግን ፀድዬ፣ እኔ ሳልወለድ መንዳት የጀመሩ ሰው ‹ጠፋ› ካሉ፣ ፊታቸው ቆሜ ‹የለም፣ ተሳስተዋል› ልበላቸው? ነውር ነዋ!»

«ታዲያ እኔ ማንን ልመን?»

«እጅሽን። እኔ ስጠራጠር ሞተር አጥፍቼ አንድ ሰው መሪውን ወዲህ ወዲያ ያወዛውዝልኛል። ከጎማው ኋላ ያለችውን የመሪ መገጣጠሚያ በእጄ እይዛለሁ። ከላላች እጄ ውስጥ ትዘላለች። የምትዘል ከሆነ አታስነዷቸው፣ ቀልድ አይደለም።»

ቤት ስትገባ ቴሌቪዥኑ እንደ ልማዱ ይጮኻል። አባቷ ለጓዳው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል።

«አባይነህ፣ ራት ይቅረብ?» አለች እናቷ ከጓዳ። ዝም። ደገመች። ዝም። «ደግሞ ዛሬ በምን አኮረፍክ?» ብላ ፊቱ ስትቆም ቀና አለ፣ ከንፈሯን አየና ፈገግ ብሎ «እሺ» አላት።

ፀደንያ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ያው «እሺ»። መኪና ውስጥ የሰማችው «እሺ»።

እናቷ ወደ ጓዳ ስትመለስ ከጀርባው ተጠጋችና በተለመደው ድምፅ «አባዬ፣ ትምህርቴን ትቼ የመኪናህ ረዳት ልሆን ነው» አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሰምቶ ሰፈሩን ያናውጠው ነበር።

አባቷ ሪሞቱን አንሥቶ ድምፅ ጨመረ።

ስለ ጎማው አልዋሸም ማለት ነው። አልሰማውም። ሌላስ ምን አይሰማም? ከኋላ የሚመጣ ጥሩምባ? መንገድ የሚያቋርጥ ልጅ? ለእናቷ ብትናገር ጩኸቱ ጎረቤት ይደርሳል፤ ጎረቤት ከሰማ ደግሞ ዕቃውን ለአባቷ የሚያስጭን ማን አለ? ዝም ብትል ሚናስ ነገ ገቢና ይቀመጣል።

አባቷ ለነገው ገመድና ሸራ ሊያዘጋጅ ሲወጣ ተከተለችው። ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ያዝልኝ።»

«ምን?»

የእጅ ፍሬኑን ስባ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ አስደገፈች። ከዚያ የአባቷን እጅ ይዛ ከግራው ጎማ ኋላ አስገባችና መገጣጠሚያው ላይ አሳረፈችው። በሹፌሩ ወንበር ተቀምጣ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አወዛወዘች።

ቋ።

በመስኮቱ አጮልቃ አየችው። ትከሻው ደንገጥ አለ። «ድገሚው» አለ። ደገመችው። እጁን አውጥቶ ጣቱ ላይ የቀረውን ግራሶ አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ምን እንዳወቀች የገባው ይመስላል። ወይም ለፀደንያ እንደዚያ መሰላት።

ከኪሱ ስልኩን አወጣና በመስኮቱ ዘረጋላት።

«ለባለ ዕቃው ሰውዬ ደውዪለት። ነገ አልመጣም በይው። መኪናው ታሟል በይ።»

«አንተ ለምን አትደውልም?»

«አንቺ ደውዪ» አለ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ደወለች። ሰውየው ጮኸባት፤ ይቅርታ ጠየቀችው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ከመኪናው ወርዳ አባቷ ፊቷን እንዲያይ ጠበቀች።

«ፒክአፑን ፊልሞን እስኪሠራው አትነዳውም። ሰኞ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስወጣ የጆሮ ሐኪም ጋ አብሬህ እሄዳለሁ። እኔና አንተ ብቻ።»

«እሺ።»

ፀደንያ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ምን አልኩህ?»

አባቷ በአፍንጫው ሳቅ አለ።

«ሰኞ» አለ። «እኔና አንቺ ብቻ።»