በዛፍ ውስጥ ያለችው እናት ወፍ

ልጆች፣ እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬዋ ልጅ ፌንጣ ትባላለች። እውነተኛ ስሟ እንኳ ሌላ ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ቤተሰቧ ያወጣላት ቅጽል ነው። አሥር ዓመቷ ነው። ልብስ ሰፊ ከሆነችው እናቷ ጋር ከስፌት ክፍሉ ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ትኖራለች።

አክስቷ ደግሞ ጥቅጥቅ ባለው የዝናብ ደን ውስጥ እንግዶችን ታስጎበኛለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፌንጣን ይዛት ሄደች። አብረዋቸው አንድ ጡረታ የወጡ አዛውንት ሐኪም ነበሩ።

የሄዱት ትልቅ ምንቃር ያላትን አንዲት ወፍ ፍለጋ ነው። ይህች ወፍ እንቁላል ልትጥል ስትል ዛፍ ውስጥ ጉድጓድ ፈልጋ ትገባና በሩን በጭቃ ትደፍነዋለች። የምታስቀረው ምንቃሯ የሚያልፍበት ስንጥቅ ብቻ ነው። አባት ወፍ ፍሬ እየለቀመ በዚያች ስንጥቅ ያጎርሳታል። እሱ ካልመጣ እሷም ጫጩቶቿም ጦማቸውን ያድራሉ።

«ከመንገዱ ንቅንቅ እንዳትዪ» አለች አክስት። «ቢጫውን የዝናብ ልብስሽንም ከቦርሳሽ አታውጪው። አባትየው ደማቅ ነገር ካየ አይቀርብም።»

«እሺ፣ አክስቴ!»

እሺ ማለት ቀላል ነው፤ አይደል ልጆች?

ዛፉ ከመንገዱ ራቅ ይላል። ከቆሙበት ስንጥቋ በባዶ ዓይን አትታይም። ሐኪሙ ጉልበታቸውን ስላመማቸው አክስት ደግፋ ልታስቀምጣቸው ዞር አለች። ወዲያው ማካፋት ጀመረ። ፌንጣ በልቧ፣ «አንዴ ብቻ አይቼ እመለሳለሁ» አለች። ቢጫ ልብሷን ደረበችና በቅጠሉ መሐል ሹልክ አለች።

ዛፉ ሥር ደርሳ ቀና ስትል ከላይ የክንፍ ድምፅ ሰማች። አባት ወፍ ነው! አያትና እየጮኸ ተመልሶ በረረ። ፌንጣ ክው አለች። ልትሮጥ ስትል እሾህ ልብሷን ጨምድዶ ያዘው። ብትጎትት፣ ብትጎትት አልለቅ አላት። አውልቃ ትታው ተመለሰች። ማንም አላያትም።

ጠበቁ። አንድ ሰዓት ሞላ። አባት ወፍ ከሩቅ ይጮኻል እንጂ ወደ ዛፉ አይጠጋም።

«ምን ነካው?» አለች አክስት ተጨንቃ። «ትናንት ሲመላለስ ነው የዋለው።»

ሐኪሙ አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ነኝ ያስደነገጥኩት፤ ሳል አላስቀምጥ ብሎኝ። በእኔ ጦስ አይራቡ፣ እንመለስ» አሉና ከዘራቸውን አነሱ።

ፌንጣ የሐኪሙን ፊት አየች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ቢጫው ልብስ ግን እዚያው እንደተንጠለጠለ ይቀራል። እናቲቱም በጨለማው ውስጥ ምግብ ትጠብቃለች። «አምላኬ፣ ድፍረት ስጠኝ» ብላ በልቧ ጸለየች።

«አባባ፣ እርስዎ አይደሉም» አለች። «እኔ ነኝ። ልብሴ እሾህ ላይ ቀርቷል፣ ዛፉ ሥር።»

የአክስቷ ፊት ተለዋወጠ። «እሺ ብለሽኝ አልነበር?»

«ብዬሽ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አክስቴ።»

አክስት ወደ ዛፉ ተመለከተች። «ከፍቶኛል። ግን ሳይመሽበት በመናገርሽ ደግ አደረግሽ» አለችና ቀስ ብላ ሄዳ ልብሱን ከእሾሁ አላቀቀችው።

እንደገና ጠበቁ። ፌንጣ ሕይወቷን ሙሉ እንደዚያ ጸጥ ብላ ተቀምጣ አታውቅም! ካፊያው ሲያባራ አባት ወፍ መጣ፤ በምንቃሩ ቀይ ፍሬ ይዟል። ሐኪሙ ሩቅ የሚያሳየውን መነጽራቸውን አቀበሏት።

«በይ አንቺ ንገሪኝ፤ የእኔ ዓይን እንባ ሞልቶታል» አሉ።

«ምንቃሯ ወጣ! ጎረሰች! ደግሞ ሌላ... አባባ፣ እየበላች ነው!» አለች ፌንጣ በሹክሹክታ።

ሲመለሱ አክስት፣ «የሚመጣው ቅዳሜ ቤት ትውያለሽ፤ ቅጣትሽ ነው። ጫጩቶቹ ሲወጡ ግን መጥቼ እወስድሻለሁ» ብላ እጇን ያዘቻት።

ልጆች፣ ጥፋታችንን ሳንደብቅ ቶሎ ስንናገር እግዚአብሔር ይቅር ይለናል፤ በእኛ ጥፋት ሊጎዱ የነበሩትም ይተርፋሉ።